በግራ በኩል የተቆረሰ

«ብቻሽን የምትበዪ ከሆነ ብቻሽን ታለቅሻለሽ» አሉኝ ካቦዋ። በታሰርኩ በሁለተኛው ቀን ነው፤ እፊቴ ቆመው።

እኔ ደግሞ መልስ የሚያድርብኝ ሰው አይደለሁም። «አልቃሽ አልጠራሁም» አልኳቸው።

ከጥግ አንዷ «ኧረ ይቺስ ጉድ ናት» ስትል ሰማሁ። ካቦዋ አልተቆጡም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው ወደ ቦታቸው ሄዱ። እኔም ምሳ ዕቃዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በላሁ።

ካቦ የምንለው የክፍሉን አለቃ ነው። ጠባቂዎቹ ነገር ሲኖራቸው የሚያነጋግሩት ካቦውን ነው። ማን የት እንደሚተኛ፣ የሽንት ባልዲው ተራ የማን እንደሆነ የሚወስነውም እሱ ነው። የእኛዋ ጋሸና መገንጠያው ላይ ምግብ ቤት የነበራቸው፣ ዕድሜያቸውን ሾፌር ሲያበሉ የኖሩ ትልቅ ሴት ነበሩ። ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። የታሰሩት ሰው አብልተሻል ተብለው ነው። «ማንን ነው ያበላሁት ስላቸው፣ አንቺ ታውቂያለሽ ይሉኛል። እኔ የማውቀው ጥብስ ያዘዘውንና ሽሮ ያዘዘውን ነው» ይሉ ነበር።

እኔ የታሰርኩት በስልክ ቻርጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ተዘጋ። ባለቤቱ ሲሰናበተኝ አንዲት ሶላር ሰጠኝ። መብራት በሌለበት ሰፈር ሶላር ማለት ሱቅ ማለት ነው። በራፋችን ላይ ዘርግቼ የሰው ስልክ ቻርጅ ማድረግ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው የተደረደሩትን ስልኮች በእግሩ ጫፍ እየነካ «የማን የማን ናቸው?» አለኝ።

«ባትሪ ያለቀባቸው ሰዎች ናቸዋ።»

«ቀልደኛ ነሽ። ጫካ ያለ ሰው ስልክ የለበትም እዚህ ውስጥ?»

«ስልክ ፖለቲካ የለውም። ባትሪ ነው ያለው» አልኩት።

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። ከዚያ ሶላሯንም እኔንም ይዞ ሄደ።

ያስገቡን ቤት ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ የብረት በር፣ ከጣሪያው ሥር ብሎኬት የወጣበት አንድ ቀዳዳ። የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነጫጭ የማዳበሪያ ፍሬዎች ነበሩ፤ ብንጠርገውም ብንጠርገውም አያልቅም። ሽታው ጉሮሮ ያንቃል፣ ዓይን ያቃጥላል። ጠዋት ስንነሳ አሥራ ዘጠኛችንም ስናለቅስ ያደርን እንመስላለን። በመጀመሪያው ጠዋት የሁሉንም የቀላ ዓይን አይቼ እነዚህ ሴቶች ምን ያህል ቢያለቅሱ ነው አልኩ። በኋላ ገባኝ። እዚያ ቤት ማን እንዳለቀሰና ማን እንዳላለቀሰ በዓይን አይለይም።

ስንቅ የሚገባው በቀን አንዴ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ። ቤተሰብ በሩ ድረስ ያመጣል፤ እኛን ግን አያየንም። ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ያስከፍትና ያመጣውን ሰው «ቅመስ» ይለዋል። ያመጣው ሰው በጠባቂው ፊት ከምግቡ ቆርሶ ይበላል። ከዚያ ይዘጋና ይገባል። መርዝ እንዳይሆን ነው ይላሉ። መርዝ ማን ለልጁ ያመጣል? ሕጉ ነው፣ አለቀ።

የእኔን የሚያመጣው አባቴ ነበር። እናቴ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ነው የሞተችው። ከዚያ ወዲህ እኔና አባባ ብቻ ነን። ሽሮ ይሠራል፤ ጨው ያበዛል። እንጀራውን ጎረቤታችን ትጋግርለታለች። ከቤታችን እስከዚያ መጋዘን አንድ ሰዓት ያስኬዳል፤ አቀበት አለው። አባባ ባለ በቅሎ ነበር። ፈረንጆቹን በበቅሎ ጭኖ ወደ አሸተን ማርያም ያወጣ ነበር። እንግዳ ሲቀር ሁለቱን በቅሎዎች ሸጠ፤ ሦስተኛዋ ሞተች። ስለዚህ ለእኔ ምሳ የሚያመላልሰው በእግሩ ነው።

አባባ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም። ወጣት ሳለ የደነገጠች በቅሎ ስትሮጥ ገመድ ወሰደበት። ከዚያ ጀምሮ የሚበላው በግራው ነው። ሰርግ ቤት ሲሄድ ሰው እንዳያይበት ጥግ ይይዛል። እና በዚያ በር ላይ «ቅመሱ አባት» ሲሉት፣ የምሳ ዕቃውን መቆለፊያ ወደ ራሱ አዙሮ ይከፍትና በግራ እጁ ከግራ በኩል ይቆርሳል። እኔም መቆለፊያውን ወደ ራሴ አዙሬ ስከፍተው፣ ከተጠቀለለው እንጀራ ግራው ጫፍ ጎድሎ አገኘዋለሁ። የጉርሻ ያህል። አንዳንዴ የጣቱ ምልክት እንጀራው ላይ ይኖራል።

እኔ የምጀምረው ከዚያ ነው። እሱ ካቆመበት።

ክፍሉ ውስጥ ደንቡ ሌላ ነበር። የሁሉም ስንቅ አንድ ላስቲክ ላይ ይገለበጣል፤ ይደባለቃል፤ ስንቅ የመጣላትም ያልመጣላትም እኩል ትበላለች። ደንቡን ያወጡት እትዬ ናቸው። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ከተደባለቀ የአባባ ጥግ የት ይገኛል? ይህንን ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም። አሥራ ዘጠኝ ሴት በተኛበት ቤት የእኔ የምለው ያ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ስስታም አሉኝ። ከወልድያ በኩል የመጣች አንዲት ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ ምላሷ ከእኔ የማይሻል። «ወይዘሮ ለብቻ» ብላ ስም አወጣችልኝ። በየቀኑ «ወይዘሮ ለብቻ፣ ዛሬ ምን መጣልሽ?» ትለኛለች።

«ሽሮ።»

«እንደ ትናንቱ?»

«እንደ ትናንቱ።»

«ለእሱ ነው እንግዲህ ግድግዳ የምታቅፊው?»

ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ እበላለሁ። በዚህ ዓይነት ሁለት ወር አለፈ። የምተኛው ባልዲው አጠገብ ነበር። አዲስ ሲገባ ነባሩ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ እኔ ግን ከባልዲው አልተነሳሁም። እትዬ አላስነሱኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ረቡዕ ምሳ ዕቃውን ስከፍተው እንጀራው የተቆረሰው በቀኝ በኩል ነበር።

መቆለፊያውን አዞርኩት። መልሼ አዞርኩት። በቀኝ ነው። ሽሮውን ቀመስኩ። ጨው አልበዛም።

አባባ ገበያ ሄዶ ጎረቤታችን አምጥታልኝ ይሆናል አልኩ። ረቡዕ ግን ገበያ የለም። ጉንፋን ይዞት ይሆናል አልኩ። በላሁ፤ የት እንደምጀምር ግን አላወቅኩም። ያን ቀን ነጋዴዋ አልቀለደችብኝም። እኔ ልብ አላልኩም።

ሐሙስም በቀኝ ነበር።

ሐሙስ ምሳዬን ሳልጨርስ ከድኜ አስቀመጥኩት። ወደ ማታ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ እትዬ መጥተው ባልዲው አጠገብ፣ የእኔ ቦታ ላይ ተቀመጡ። እዚያ ተቀምጠው አያውቁም። ነጋዴዋም ተከትላቸው መጣች። እትዬ እጃቸው ላይ በሳህን እንጀራ አለ፤ በላዩ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሁለት። እንቁላል እዚያ ቤት ከየት እንደተገኘ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ብይ» አሉኝ።

«በልቻለሁ።»

«አልበላሽም። አይቼሻለሁ። ነይ ብይ።»

«ምን ተገኘ ዛሬ?»

«ምን ይገኛል፤ ብይ እንጂ» አለች ነጋዴዋ። ወይዘሮ ለብቻ አላለችኝም።

ጀመርኩ። እትዬ እያዩኝ «አባትሽ ሥራቸው ምን ነበር?» አሉኝ። ወዲያው «ማለቴ፣ ምን ይሠራሉ?» አሉ።

እጄ ሳህኑ ላይ ቆመ።

እናቴ የሞተች ጊዜ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ማታ ላይ አክስቴ እንቁላል ሠርታ ካልጠገብሽ አትነሺም አለችኝ። ይህን ሁሉ ምን አመጣው ብዬ ደስ ብሎኝ በላሁ። በማግሥቱ ሳይነጋ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን ለብሶ ቤቱን ሞልቶ ሳለ ነቃሁ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። ሐዘንተኛው አስቀድሞ ይበላል፤ ከተነገረው በኋላ እህል አያወርድም። በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገረዋል። አብልቶ መንገር የአገሩ ወግ ነው። ወጉን የማላውቅ ብሆን ያን ማታ ደህና አድር ነበር።

«አባቴ ነው?» አልኩ።

ነጋዴዋ ወለሉን አየች።

«እትዬ፣ አባቴ ነው ወይ?»

«ብይ» አሉኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «መርዶ በጠዋት ነው።»

ልጮህ እችል ነበር። ሳህኑን ልወረውረው እችል ነበር፤ ጠባዬ እንደዚያ ነው። ግን እንቁላሎቹን አየኋቸው። ተልጠዋል፤ አንደኛው ላይ የጥፍር ምልክት አለ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ልጦልኛል። በጠዋት ካሉ በጠዋት ይሁን አልኩ በሆዴ። በላሁ። ሁለቱንም ጨረስኩ። እያወቅኩ፣ እያወቁ። «ባለ በቅሎ ነው» አልኳቸው አፌ ሞልቶ። «እንግዳ ያወጣል። አቀበት።» እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ሌሊት ከባልዲው አጠገብ አስነስተው መሃል፣ በእሳቸውና በነጋዴዋ መካከል አስተኙኝ።

ቀዳዳው ነጭ ሲሆን ተነሱ። ሁሉም። አሥራ ስምንት ሴት ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ነጠላ ያላቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀውታል፤ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው። ነጠላ የሌላት ነጋዴዋ በሻርፗ ወገቧን ታጥቃለች። እትዬ እፊቴ ተንበረከኩና ሁለት እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ አባትሽ ዐርፈዋል። ማክሰኞ። ቀብራቸው ረቡዕ ነው፣ ነአኩቶ ለአብ። ዛሬ ሠልስታቸው ነው።»

«ማክሰኞ ምሳ አምጥቶልኛል።»

«አምጥተዋል።»

«በግራ ነበር የተቆረሰው። ማክሰኞ በግራ ነበር» አልኩ። ምን እንደምል አልገባቸውም።

«ከዚህ ሲመለሱ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ዐረፍ አሉ» አሉኝ እትዬ። «ሰው ሲደርስ ተቀምጠው ነው ያገኛቸው። ሌላ ነገር የለም።»

«ለእኔ ምሳ ሲያመላልስ ነው የሞተው።»

«አድርሰው ሲመለሱ ነው» አሉኝ። እጄን አጠበቁት። «ይዘው ሲመጡ አይደለም። አድርሰው ነው። አንቺም በልተሽዋል።»

ያኔ ለቅሶ አመለጠኝ። ነጋዴዋ ፈጥና አፌ ላይ የሻርፗን ጫፍ አደረገች። «ድምፅ የለም እህቴ፣ ድምፅ የለም» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። ደንቡ ነው። ጩኸት ከተሰማ ለሦስት ቀን በሩ አይከፈትም፣ ሽንት ቤትም አይወጣም። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ሴት ያለ ድምፅ አለቀስን። ደረት የሚመታ ሰው መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ያነሳል፤ መልሶ በቀስታ ያደርጋል። እንዲህ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ትከሻ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

እትዬ በሹክሹክታ ሙሾ አወረዱ።

«እንግዳ ሲያወጣ በቅሎ እየሳበ፣
የራሱን አቀበት ለብቻው ቀረበ።»

ለካ ማታ ሥራውን የጠየቁኝ ለዚህ ነው። ሲፈጥሩት ነው ያደሩት።

«ውሃም ያወጣ ነበር» አልኩ በሻርፑ ውስጥ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። «በቅሎዎቹ ሥራ ሲያጡ ለሰፈሩ ውሃ ነበር የሚያመላልስባቸው።»

«ውሃ ቤት አይመታም» አሉ እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ። «ተዪኝ፣ አሰላስልበታለሁ።» ከጥግ አንዷ ሳቀች፤ ሌላዋም። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው።

ሁለት ቀን ለምን እንደዘገዩ የነገረችኝ ነጋዴዋ ናት። ጎረቤታችን ረቡዕ ምሳዬን ስታመጣ ለጠባቂው ነግራው፣ ጠባቂው ለእትዬ ሹክ ብሏቸው ነበር። እትዬ እዚያው በሩ ላይ ቆመው ለቀብሩ በጠባቂ አጅባችሁ ውሰዷት፣ እስክትመለስ እኔ መያዣ ልሁን ብለው ኃላፊውን ለመኑት። እምቢ አለ። ሐሙስም ለሠልስቱ ትሂድ ብለው ለመኑት። ሐሙስ እንደውም ጫማቸውን አውልቀው ነው አለችኝ።

«ብቻሽን ታለቅሻለሽ ብለውኝ ነበር» አልኳቸው በኋላ።

«ለማስፈራራት ነው እንጂ» አሉኝ። «ሰው እንዴት ብቻውን ያለቅሳል።»

ያን ጠዋት ጠባቂው ለቆጠራ በሩን ሲከፍት እንደተለመደው ተሰልፈን ቆምን። ይህ ጠባቂ ቁጥር ጮክ ብሎ የሚጠራ፣ የሰው ፊት የማያይ ሰው ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ። ሰባት ላይ ቆመ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ሁሉም ነጠላ ተዘቅዝቋል። ከትልቋ እስከ ትንሿ፣ ከከተማ ቤት እስከ ገበሬ ቤት የመጣችው። ማንን ለይቶ እንደሚቆጣ ጠፋው። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ መሰለፍ ግን እሱ ያዘዘው ነው።

«ምንድነው ይሄ?» አለ። «ማን ሞተ?»

ሰልፉ ፊት የቆሙት እትዬ ናቸው። «አባታችን» አሉት።

እኛን አየ። ዓይናችንን አየ፤ የሁላችንም ቀልቷል፣ የየቀኑ ነው፤ ከዚያ አይለይም። ከአንድ ጀምሮ መልሶ ቆጠረ፣ በዝግታ። አሥራ ዘጠኝ ሲደርስ ኮፍያውን ነካ አደረገና ወጣ። በሩን አልዘጋውም። ረስቶት ይሁን ሌላ አልጠየቅኩትም። ለግማሽ ሰዓት ያህል ፀሐይ የማዳበሪያው ወለል ላይ ገብታ ተኛች። ነጫጮቹ ፍሬዎች ሲያበሩ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ምሳ ሲገባ እንደተለመደው ላስቲኩ ተዘረጋ፤ ነገር ግን ማንም አልገለበጠም። እያንዳንዷ ምሳ ዕቃዋን እንደተዘጋ አምጥታ እኔ ፊት አስቀመጠች። እዝን ነው። ሐዘን የገባው ቤት እሳት ስለማይነድ ጎረቤት ሠርቶ የሚያመጣው ምግብ። እዚያ ቤት ከመጀመሪያውም እሳት የለም፤ እነሱ ግን ወጉን አላስቀሩም። «ክፈቺና ከሁሉም ቅመሽ» አሉኝ እትዬ።

አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሁሉም ተቆርሷል።

ሁለት ወር ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ ስላዞርኩ አላየሁም ነበር። የእያንዳንዷ ምሳ ላይ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ቀምሷል። የአንዷ ቂጣ ጥግ በጥርስ የተነከሰ ነበር፤ ባሏ ነው፣ ትዕግሥት የለውም አለች። የሌላዋ በጥንቃቄ፣ በጥፍር የተቆረጠ ነው፤ እናቷ ናቸው፣ እንዳይጎድልባት ብለው። የነጋዴዋ ዳቦ ላይ የጎደለችው የጣት ጥፍር ታህል ናት። «ልጄ ናት» አለች። «ስድስት ዓመቷ ነው። አያቷን እኔ ነኝ የምቀምሰው ትላቸዋለች።» የእኔ ብቻ መስሎኝ የደበቅሁት ነገር በእያንዳንዱ ክዳን ሥር ነበር።

ነገርኳቸው። የአባባን ጣቶች፣ መቆለፊያውን፣ ከየት እንደምጀምር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አለች ነጋዴዋ።

«ትስቁብኛላችሁ ብዬ።»

«እንስቅብሽ ነበር» አለች። «ከዚያ ግራውን ለይተን እንሰጥሽ ነበር።»

የእትዬ ምሳ ዕቃ ከሁሉም መካከል አልነበረም። ጋሸና ሩቅ ነው። ልጆቻቸው መንገድ ሲከፈት በወር አንዴ ጭብጦና ቆሎ በመኪና ይልካሉ፤ በሩ ላይ የሚያደርሰው ወያላ ነው። ወያላ ደግሞ ቆሎ ቀምሶ ይሄዳል፤ ከቆሎ ላይ ማን እንደዘገነ አይታወቅም። «የእኔ ሙሉ ነው የሚገባው» አሉ እየሳቁ። ያንን ሳቅ አልወደድኩትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ስንቄን ላስቲኩ ላይ ገለበጥኩ። ጎረቤታችን በቀኝ እየቆረሰች እስከ መጨረሻው አመላለሰችልኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስሜ ተጠራና ውጪ አሉኝ። ለምን እንደገባሁ እንዳልተነገረኝ ሁሉ ለምን እንደምወጣም አልተነገረኝም። ሶላሯ አልተመለሰችም። ምስጋና አይሆንልኝም፤ አባባ ራሱ «እግዜር ይስጥልኝ ማለት ምን ይወስድብሻል?» እያለ ይቆጣኝ ነበር። አሥራ ስምንቱም ቆመው ሲስሙኝ አንድ ቃል አልወጣኝም። እትዬ ጋ ስደርስ የመጣልኝ «ምሳ ዕቃ አለዎት?» የሚል ነው።

«ምን አደርግበታለሁ?» አሉኝ።

አሁን የምኖረው በአባባ ቤት ነው። በረቱ ባዶ ነው፤ ገመዶቹ ግን እንደተሰቀሉ አሉ። ነአኩቶ ለአብ ሄጄ መቃብሩን አይቻለሁ። ድንጋዩንም አይቻለሁ፤ ተቀምጦ የተገኘበትን። ለመቀመጥ የሚመች ድንጋይ ነው። ስመለስ እኔም እቀመጥበታለሁ፤ አቀበቱ ያደክማል። አንዳንድ ቀን አልነሳም ያሰኘኛል። አንዳንድ ቀን ማንንም ማየት አልፈልግም፤ ሰው በሬን ሲያንኳኳ ይነደኛል። ከተፈቱት መካከል ሦስት አራታችን እንገናኛለን። ነጋዴዋ ስልክ ስትደውል ዛሬም «ወይዘሮ ለብቻ» ነው የምትለኝ።

ረቡዕና ቅዳሜ ሽሮ እሠራለሁ። ጨው ይበዛብኛል። የአባባን ምሳ ዕቃ ይዤ አንድ ሰዓቱን እሄዳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በሩ ላይ አዲስ ጠባቂ ነበር።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለእትዬ። ለካቦዋ።»

«ምንሽ ናቸው?»

«ጎረቤቴ።»

«የት ነው ጎረቤትነቱ? እሳቸው የጋሸና አይደሉ እንዴ?»

«እዚሁ» አልኩት፣ በሩን በአገጬ እያሳየሁ።

አየኝ። «በይ ክፈቺውና ቅመሽ።»

መቆለፊያውን ወደ ራሴ አዙሬ ከፈትኩት። በግራ እጄ ከግራ በኩል ቆረስኩና በላሁ።

«ግራኝ ነሽ እንዴ?» አለ።

ክዳኑን ገጥሜ ሰጠሁትና ሄድኩ።